ልጅቷን የመረቅኩበት ጉንፋን

ሞያሌ ላይ በበጋ የማያስል ሰው የለም። ነፋሱ ቀዩን አፈር ከሜዳው እያነሳ ያመጣና ከተማችን ላይ ያራግፈዋል። የሚያስለው ሰው "አቧራ ነው" ይላል፤ አጠገቡ ያለውም "አቧራ ነው" ብሎ ይመልሳል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የእኔ ሥራ ደግሞ የተቀደደ ጆንያ መስፋት ነው። እህልና ከሰል የሚነግዱ ሰዎች ጆንያቸውን ያመጡልኛል፣ እያራገፍኩ እሰፋለሁ። ከሌላው ሰው ይልቅ አቧራ የምበላው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያን ሰሞን አፍንጫዬ መፍሰስ ሲጀምርና ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ማንም ምን ሆነሃል አላለኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አመሻሽ ላይ ይበርደኝ ነበር፤ እሱንም ለእርጅና ሰጠሁት።

ልጄ የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው።

ልጄና እኔ ሁለት ሰው ነን። ከአገር ወጥተን ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ስንገባ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷን እዚያው ቀበርናት። ካምፑ ሲዘጋ ሌሎቹ በመኪና ተጭነው ወደ ሌላ ካምፕ ሄዱ፤ እኔ ልጄን በእጇ ይዤ ሞያሌ ቀረሁ፣ በኬንያው በኩል። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ፣ ከመንግሥት ሰው ጋር በስዋሂሊ እያወራች አደገች። ኋላም አንድ የቦረና ልጅ አገባች። አማቼ ደህና ልጅ ነው። ከብት ጭኖ ናይሮቢ የሚመላለስ ሾፌር ስለሆነ ሚስቱ ስትወልድ መንገድ ላይ ነበር። በእሱ ፈንታ እናቱ ምራቷን ልታርስ ከኦዳ መንደር መጥታ፣ ሄሉ ሰፈር ባለው ቤታቸው ተቀምጣለች።

ይህች ሴትዮ እኔን "ሶዳ" ትለኛለች። በልጆች ጋብቻ የተዛመደ ሰው ማለት ነው በእነርሱ ቋንቋ። እኔም ሶዳ እላታለሁ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ አንቱታ የሚባል ነገር የለበትም። ለእኔም አንተ፣ ለፖሊሱም አንተ፣ ለሹሙም አንተ ነው። ከእሷ ሲመጣ ቅር አይለኝም።

ታዲያ በብዙ ነገር አንስማማም ነበር። እነርሱ እስላም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። እሷ ለሕፃኗ ስም ስታወጣ እኔ አኮርፋለሁ፤ እኔ ሳወጣ እሷ እንዳልሰማች ትሆናለች። ልጄ መሃላችን ተኝታ፣ "ሁለታችሁም አርጅታችኋል፣ ልጅቷን ለቀቅ አድርጓት" እያለች ትስቅብናለች። ያለ ክርክር የምንስማማበት አንድ ነገር ቢኖር ምርቃት ነው። በእነርሱም ዘንድ፣ በእኛም ዘንድ ሽማግሌ ሲመርቅ እንትፍ እንትፍ ይላል። ቃሉ ብቻውን አይበቃም፤ ከሽማግሌው አፍ የወጣ እርጥብ ነገር ልጁን መንካት አለበት።

በስምንተኛው ቀን ሶዳ ሕፃኗን ታቅፋ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለች።

"ሶዳ፣ ና መርቅ።"

"አንቺ አልመረቅሽም እንዴ?"

"እኔ መረቅኩ። ያንተ የለም። ነገ ልጅ ታድጋለች፣ ያ ሐበሻ ሽማግሌ ለምን ተወኝ ትላለች። ምነው፣ አፍህ ደርቋል? ውኃ ላምጣ?"

ልጄ ከውስጥ፣ "ውኃ አትስጪው! ልጅቷን ያጥባታል!" አለች፤ ሦስታችንም ሳቅን።

መረቅኳት። መዳፏን ፈልቅቄ እንትፍ አልኩ። ግንባሯ ላይ፣ ደረቷ ላይ እንትፍ አልኩ። እደጊ፣ ክፉ አይይሽ፣ የእናትሽን እንጀራ አትርፊ፣ የአባትሽን መንገድ ጠብቂ አልኳት። ረዘም ያለ ምርቃት ነበር። መሃል ላይ ሳል ሲይዘኝ ፊቴን ወደ ትከሻዬ አዙሬ ሳልኩና ቀጠልኩ። ሶዳ በየቃሉ አሚን ትላለች። ስጨርስ ሕፃኗን ሁለት ጉንጯን ሳምኳት።

ከአራት ቀን በኋላ አፍንጫዋ ተዘጋ። ጡት ትይዝና ትለቃለች አሉኝ። ይሄም አቧራ ተባለ፤ መስኮቱን በጨርቅ ወተፉት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራዬ ሳልሄድ ላያት ጎራ ስል ልጄን ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ሕፃኗ ጭኗ ላይ ናት። የሕፃኗ መልክ አመድ መስሏል። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ እግሯ ግን ቀዝቃዛ ነው። ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል። ሶዳ በትንሽ ብረት ድስት ቅቤ ታቀልጣለች።

"እርግብግቢቷ ወርዷል" አለችኝ። "ቅቤ ካገኘ ይመለሳል።"

ጎንበስ ብዬ አናቷን አየሁት። የጨቅላ ልብ ሲመታ እዚያ ለስላሳው ቦታ ላይ ይታያል፤ ከፍ ዝቅ ይላል። የዚህች ግን ከፍ ዝቅ አይልም። ይንቀጠቀጣል። የስፌት መኪና መርፌ ሲሮጥ አንዱን ውግታ ከሌላው መለየት እንደማይቻለው ነበር።

"ሶዳ፣ ይሄ የወረደ አይደለም። እስቲ ቁጠሪው።"

"ምኑን ልቁጠር?"

"ልቧን።"

ድስቱን አስቀምጣ ጆሮዋን ሕፃኗ ደረት ላይ ለጠፈች። ብዙ ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ግመል ጅብ አይቶ እንዲህ አይሮጥም" አለች። እንደ ቀልድ አልነበረም ያለችው።

አራስ አርባ ቀን ሳይሞላት ደጅ አትወጣም፤ ጨቅላም ነፋስ አያያትም። ይህን ሕግ በሄሉ ሰፈር ከሶዳ የበለጠ የሚያጠብቅ ሰው አልነበረም። ጎረቤት እንኳ እግሩን ሳይታጠብ አይገባም ነበር። ትከለክላለች ብዬ ምን እንደምላት ሳስብ፣ እሷ ሕፃኗን በልብሷ ውስጥ ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን ደርባ በሩ ጋ ደርሳለች።

"ምን ቆመሃል? ልጅህን ደግፍ!"

ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። የዚያን ቀን ግን ራቀብኝ።

ያየን ሐኪም ወጣት ኬንያዊ ነው፤ ሰው ሁሉ ዳክታሪ ይለዋል። የማዳመጫውን ጫፍ ሕፃኗ ደረት ላይ አድርጎ በሌላ እጁ እስክሪብቶ ያዘ። ልቧ አንድ ጊዜ በመታ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ ሊያደርግ ነው። ጥቂት ነጥቦች ከጣለ በኋላ እጁ ሊከተል አልቻለም፤ ነጥቦቹ መስመር ሆኑበት። ተወው። ከዚያ የልብን አመታት ወረቀት ላይ የሚስል መሣሪያ አስመጥቶ ሽቦዎቹን ትንሿ ደረቷ ላይ ለጠፈ። የወጣው ሥዕል እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተጠጋጋ ነው።

ዳክታሪ በስዋሂሊ ቀስ እያለ ይናገራል፣ ልጄ እያለቀሰች ወደ አማርኛ ትመልስልናለች።

"ቫይረስ ይመስለኛል። ትልቅ ሰው ሲይዝ ጉንፋን ነው። ጨቅላ ላይ ግን አንዳንዴ ልብን ያውካል። ልቧ ከመፍጠኑ የተነሳ ደም የሚሞላበት ጊዜ አላገኘም። ባዶውን ነው የሚመታው። እንዲህ ሆና ብዙ መቆየት አትችልም።"

ከዚያ ሦስታችንንም በየተራ አየን። "ቤት ውስጥ ጉንፋን የያዘው ሰው አለ? ያቀፋት፣ የሳማት?"

ሶዳ የለም አለች። ልጄም የለም አለች።

"ምዜ፣ አንተስ?" አለኝ። ምዜ ብለው ነው ሽማግሌን የሚጠሩት።

"የለም" አልኩ። "አቧራ ብቻ ነው።"

ያን ቃል ስናገር ሳሉ ጉሮሮዬ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በእውነት አቧራ ነው ብዬ ነበር፤ እሱ ሲጠይቀኝ ግን አወቅኩ። አመሻሽ አመሻሽ ላይ የበረደኝን፣ ምርቃቱን፣ መዳፏን፣ ሁሉንም አንድ ላይ አወቅኩት። የልጄን ፊት ፈራሁና ዋሸሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያስገቡን ክፍል ውስጥ አራት እናቶች ከነጨቅሎቻቸው ተኝተዋል። አልጋዎቹ የተጠጋጉ ናቸው። ጥግ ይዤ ቆምኩና ሳሌን እየዋጥኩ ጠበቅኩ።

እንዲህ ያለ በሽተኛ ወደ ትልቅ ሆስፒታል መላክ ነበረበት። ነገር ግን በዚያን ጊዜ መኪናዎች ወደ ናይሮቢ የሚወርዱት ሽፍታ ስለሚፈራ በአጀብ ነው፤ የዕለቱ አጀብ ጎህ ሳይቀድ ሄዷል። ቢኖርም ያ የድንጋይ መንገድ ለዚያች ልብ አይሆንም። ልቧን ያረጋጋል የተባለው መድኃኒት ደግሞ በከተማው አልነበረም። ዳክታሪ ናይሮቢ ያለ አንድ ትልቅ ሐኪም ጋ ሊደውል ወጣ። ሞባይል ወደ ከተማችን ገና እየገባ ነበር፤ የሚሰማው ውኃ ታንከሩ አጠገብ ብቻ ነው። አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ታንከሩን ሲዞር በመስኮት አየዋለሁ። ሲመለስ እየሮጠ ነው።

"ባራፉ!" አለ። "በረዶ አምጡልኝ፣ አሁኑኑ።"

የክትባቱን በረዶ ይዘው ሠራተኞቹ ከማለዳ ጀምሮ ወደ ገጠር ወጥተዋል። የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ባዶ ነው። እኔ ልሂድ አልኩ። ከዚያ ክፍል ለመውጣት ምክንያት ማግኘቴም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልደብቀው አልችልም።

ጆንያውን የምሰፋለት አንድ ነጋዴ አለ፣ የእኛው አገር ሰው፣ እስላም፣ ጨዋታ የሚወድ። ድንበሩ በር አጠገብ ሱቁ ውስጥ ቀዝቃዛ ለስላሳ ይሸጣል። ደርሼ "በረዶ" ስል ሱቅ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞሩ።

"አባባ!" አለኝ። "በጠዋቱ በረዶ? ውስኪውን ከየት አገኙት? ለእኛም ንገሩን እንጂ!"

"የመስጊዱ ሐጂ ሳይሰማ ቶሎ ስጣቸው" አለ ሌላው፤ ተሳሳቁ።

"ለልጅ ልጄ ልብ ነው" አልኩ።

ሳቁ ቆመ። "ለልብ? በረዶ ለልብ?"

"ዳክታሪው ነው ያለው። ልትሞትብን ነው።"

ሌላ አልጠየቀኝም። ጠርሙሶቹን ከማቀዝቀዣው እያወጣ መሬት ላይ ደረደረና በቢላ የግድግዳውን በረዶ ይፈነቅል ጀመር። ፌስታል ሞላልኝ፤ እንዳይቀልጥ በጆንያ ቁራጭ ጠቀለለው። "ሂዱ አባባ፣ ሂዱ። አላህ ያድርስዎ" ብሎ ከኋላዬ ጮኸ። በእድሜዬ ሮጬ የማውቅ ሰው አይደለሁም። የዚያን ቀን በረዶው እግሬ ላይ እየተንጠባጠበ ሮጥኩ።

ዳክታሪ በረዶውን ከውኃ ጋር ሌላ ስስ ፌስታል ውስጥ አደረገው። "ግንባሯና ዓይኗ ላይ አደርገዋለሁ" አለን። "አፍንጫዋን አልነካም። ድንገተኛ ብርድ ፊትን ሲይዝ ሰውነት ልብን ቀስ በል ይለዋል። እስከ አሥር እቆጥራለሁ፣ አነሳዋለሁ።"

ልጄ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "በረዶ? የአሥራ ሦስት ቀን ልጅ ላይ?" እሷ ራሷ ከወለደች ጀምሮ ቀዝቃዛ ውኃ እንድትነካ አልተፈቀደላትም ነበር።

ሶዳ ጎትታ ጭንቅላቷን ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። "አንቺ አትይ። እኔ አይልሻለሁ።"

ነርሷ የሕፃኗን ራስ ያዘች፣ እኔ እግሯን ያዝኩ። አንድ ጊዜ አደረጉት፤ ሕፃኗ ትንፋሿ ተቋረጠና ተመለሰ፤ መሣሪያው ያንኑ ማበጠሪያ ይስላል። አሳረፏት። ሁለተኛ አደረጉት። "ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ" ብሎ ይቆጥራል ዳክታሪ። የእኔ ሳል መጣብኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። ሰባት ላይ ሲደርስ የመሣሪያው ድምፅ ቆመ። ፌስታሉን አነሳው። ምንም የለም። በሕይወቴ ያን የመሰለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ አንድ ጊዜ መታ። ቆይቶ ደግሞ መታ። በአንዱና በሌላው መካከል አሁን ቦታ ነበረ፤ ሰው ሊቆጥረው ይችላል።

ሕፃኗ አለቀሰች። ሶዳ አልሐምዱሊላህ አለች። እኔ ወጥቼ ከግድግዳው ኋላ ተደግፌ ሳልኩ፤ እንባዬ እስኪመጣ ሳልኩ።

ቀና ስል ዳክታሪ ቆሟል። የእጁን ጀርባ አንገቴ ላይ አደረገ። ለእኔ የገበያ ስዋሂሊ ይበቃኛል፤ አስተርጓሚ አልነበረም መሃላችን።

"ምዜ፣ አቧራ ትኩሳት አያመጣም።"

አፌን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

"ሳምካት?"

"መረቅኳት" አልኩ። በእጄ እንዴት እንደመረቅኳት አሳየሁት።

"የእኔም አያት እንደዚያው ነበር የሚመርቀን" አለ። "በዚያ አልወቅስህም። ከአንተ ይሁን ከሌላ ሰው ደግሞ በእርግጠኝነት ልነግርህ አልችልም። ስጠይቅህ ግን ለምን ዋሸኸኝ? ክፍሉ ውስጥ አራት ጨቅላዎች አሉ። ባውቅ ኖሮ ለብቻዋ አስተኛት ነበር፤ አንተንም ከበር አላሳልፍህም ነበር።"

አራቱን ጨቅላዎች አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኳቸውም ነበር።

"አሁን ገብተህ ንገራቸው" አለና ወዲያው ራሱን ነቀነቀ። "አይ፣ አትግባ። በመስኮት ንገራቸው።"

መስኮቱ ሥር ሄጄ ልጄን ጠራኋት። ፊቷ ገና በእንባ እንደራሰ ብቅ አለች፤ ትንሽ ፈገግታም ነበረባት።

"አባዬ፣ ምን ሆነህ ውጭ ቀረህ? ጡት እኮ ያዘች!"

"እኔ ነኝ ያስያዝኳት" አልኩ። "አቧራ አልነበረም። ስመርቃት ታምሜ ነበር። ዳክታሪው ሲጠይቀኝም አውቄ ነው የለም ያልኩት።"

ፈገግታዋ እንዴት እንደሄደ አየሁ። ሶዳ ከኋላዋ ሰምታለች። ዞር ብላ ለአራቱ እናቶች በኦሮምኛ ነገረቻቸው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። አንዷ ልጇን ከአልጋው አንስታ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ተጠጋች።

"ና መርቅ ያልኩት እኔ ነኝ" አለች ሶዳ፣ ለልጄ።

"ያኔ አላወቀም" አለች ልጄ። ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። "ያንን እተውልሃለሁ። ዳክታሪው ሲጠይቅህ ግን ታውቅ ነበር። ልጄ እየሞተችብኝ፣ አንተ ታውቅ ነበር።"

መስኮቱን ዘጋችው።

ዘጠኝ ቀን ተኙ። ዘጠኙንም ቀን ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ፤ ጆንያዬንም እዚያው አምጥቼ እሰፋ ነበር። ሕፃኗን ለብቻዋ ክፍል አስገብተዋታል። ሶዳ በቀን ሁለት ጊዜ ብቅ ትላለች። "ዛሬ ሮጠ። በበረዶ መለሱት።" "መድኃኒቱ በአጀቡ መጣ።" "ዛሬ አልሮጠም።" እንዲህ ነው የምትነግረኝ፣ ቆማ። እኔ አስቀድሜ የምጠይቃት ስለ አራቱ ነበር። የአንደኛው አፍንጫ ተዘግቶ ሁለት ቀን አስጨነቀን። እናቱ ያቺ ወደ ግድግዳው የሸሸችው ናት። ልቡ ሳይነካ ዳነ። ወጥታ ስትሄድ ይቅርታ ልጠይቃት ተነሳሁ፤ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና በሩቅ ዞራ አለፈች። ትክክል ነች።

የእኔዎቹም ወጡ። አማቼ ከመንገድ ተመልሶ እጄን ጨብጦኝ ሄደ፤ ምን እንደነገሩት አላውቅም። ልጄ ግን አልጠራችኝም። ሳሌ ከጠፋ ቆይቷል። እኔ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ አጥሩ ጋ እቆማለሁ፣ ሶዳ ደህና ናት ትለኛለች፣ እሄዳለሁ። ዳክታሪ እንክብሉን ፈጭተው በውኃ እየበጠበጡ በቀን ሦስት ጊዜ እንዲሰጧት፣ ልቧንም ጠዋትና ከሰዓት እንዲቆጥሩ አዟል አለችኝ። ሶዳ መቁጠር አልተማረችም። ከብት ነው የምትቆጥረው፤ እሱንም በመልካቸው ነው። ሁሉንም ልጄ ብቻዋን ታደርጋለች፤ እንቅልፍ የላትም።

አርባ ቀኑ አልፎ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሶዳ ገበያ ድረስ መጣች።

"ልጅህ ትጠራሃለች። እጅህን ታጠብ።"

ታጥቤ ሄድኩ። ልጄ ከስታለች። ተቀመጥ አላለችኝም። "አስል እስቲ" አለችኝ።

"ምን?"

"አስል። ልስማህ።"

ሳልኩ፤ ጉሮሮዬን የሚከረክር ነገር የለም። ቀርባ የእጇን ጀርባ አንገቴ ላይ አደረገች፣ ልክ ዳክታሪው እንዳደረገው። ብዙ አቆየችው። ከዚያ ሕፃኗን አምጥታ ጭኔ ላይ አስተኛችልኝና ጣቴን ይዛ ከሕፃኗ ግራ ጡት ሥር አስቀመጠችው።

"እዚህ ነው። አትተንፍስባት፣ አትሳማት። ቁጠር ብቻ። እንደዚያ ቀን ከሮጠ ቀስቅሰኝ።"

"እሺ" አልኩ።

"ትነግረኛለህ አይደል?"

"እነግርሻለሁ።"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። ገና ጭንቅላቷ ሳያርፍ ነው እንቅልፍ የወሰዳት። አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ከመቶ በላይ ስቆጥር ይደባለቅብኛል። ስለዚህ እስከ መቶ ቆጥሬ ከአንድ እጀምር ነበር። ሕፃኗ ጣቴ ሥር ትመታለች። ፀሐይዋ ከበሩ ወደ ግቢው እስክትዞር ድረስ እንደዚያው ቆጠርኩ፣ ልጄም ተኛች።